ሜልበርን ወዳጅ ለመጠየቅ ለምትመጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ቤቴ እንግዳ ይመጣል። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ አንዳንዴም ከዋሽንግተን። ከመምጣታቸው በፊት በስልክ የሚጠይቁኝ ነገር ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። መልሱን እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ሜልበርንን እወዳታለሁ፤ የመጣ ሰውም ከተማዋን አይቶ፣ ወዳጁንም አግኝቶ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ከሁለቱ አንዱ ያመልጠዋል።

መቼ ብመጣ ይሻላል?

ወቅቱ ከሀገር ቤት ጋር የተገለበጠ መሆኑን አትርሱ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በጋ ነው፤ ገናንና ጥምቀትን የምናከብረው በሙቀት ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ እዚህም ጸደይ ይገባል፣ ዛፉ ሁሉ ያብባል። አደይ አበባ ባይኖርም ልብን የሚያሞቅ አጋጣሚ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የካቲት መጨረሻና መጋቢት። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ባሕሩ ገና ለብ ያለ ነው፣ የትምህርት ቤት ረጅም እረፍት አልቆ ዋጋውም ይቀንሳል።

በየትኛውም ወር ብትመጡ ግን ጃኬት ያዙ። እዚህ ሰው «አራቱም ወቅት በአንድ ቀን» የሚለው እውነቱን ነው። በበጋ 40 ዲግሪ ደርሶ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ንፋስ ሲነሳ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 15 ዲግሪ ያህል ሊወርድ ይችላል። በሸሚዝ የወጣ እንግዳ እየተንቀጠቀጠ ሲመለስ ስንቴ አይቻለሁ።

ቪዛውስ? ጓደኛዬ ስፖንሰር ሊሆነኝ ይችላል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትመጡ ከሆነ የምትጠይቁት ቁጥሩ 600 የሆነውን የጎብኚ ቪዛ ነው። ማመልከቻው የሚገባው በኢንተርኔት ነው። ይኸው ቪዛ በቤተሰብ ስፖንሰርነት የሚሰጥ ዘርፍ አለው፤ እሱ ግን ለዘመድ ነው። ጓደኛ ስፖንሰር አይሆንም። ጓደኛችሁ ማድረግ የሚችለው የግብዣ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ የት እንደምታርፉ፣ ስንት ቀን እንደምትቆዩ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል በግልጽ ያስፍር። ከእናንተ በኩል የሚታየው ደግሞ የመመለሻ ምክንያታችሁ ነው፦ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ትምህርት፣ ንብረት።

ቪዛው ሲመጣ ከሥሩ የተጻፉትን ግዴታዎች አንብቡ። 8503 የሚል ቁጥር ካለ፣ እዚህ ሆናችሁ ሌላ ቪዛ መጠየቅ አትችሉም ማለት ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ በስልክ መተግበሪያ ትጨርሳላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ለያዘ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አለ። ከኢትዮጵያ የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን በእጅ ሻንጣ ያዙ። የጉዞ ኢንሹራንስም ግዙ፤ የዚህ ሀገር የጤና መድን አብዛኛውን እንግዳ አይሸፍንም፣ የአንድ ሌሊት ሆስፒታል ሂሳብ ደግሞ ያስደነግጣል።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤና ቋንጣ ይዤ ልምጣ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው። እናቶች ሻንጣ ሲያሳሽጉ አውቃለሁና።

አውስትራሊያ ምግብ፣ ዘርና እንጨት የምትቆጣጠርበት መንገድ ከብዙ ሀገር የጠበቀ ነው። ደሴት ናት፤ የከብትና የሰብል በሽታ እንዳይገባባት ትፈራለች። ምን ያህል እንደምትፈራ ለማወቅ ይህን ስሙ፦ የ1956ቱ ኦሊምፒክ እዚሁ ሜልበርን ሲካሄድ፣ የውጭ ፈረሶች እንዲገቡ ሕጉ ስላልፈቀደ የፈረስ ግልቢያ ውድድሩ ብቻ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ተደረገ። ለኦሊምፒክ ያልተለወጠ ሕግ ለእኛ ቋንጣ አይለወጥም።

ስለዚህ ቋንጣና የቤት ቅቤ ተዉት፣ ይወሰድባችኋል። የታሸገና ስሙ የተጻፈበት በርበሬ ወይም ሽሮ የተሻለ ዕድል አለው፤ ውሳኔው ግን የተቆጣጣሪው ነው። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ አሳውቁ። አውሮፕላን ውስጥ የሚሰጣችሁ ካርድ ላይ «ምግብ ይዘሃል ወይ?» ለሚለው «አዎ» በሉ። አሳውቃችሁ ከተወሰደባችሁ የምትከስሩት ዕቃውን ብቻ ነው። ደብቃችሁ ከተገኘ ግን ቅጣቱ ሺህ ዶላሮች ነው፣ ቪዛም ሊያሰርዝ ይችላል። ረከቦት፣ ሰፌድ፣ መሶብ፣ ሙቀጫ ሁሉ ከእንጨት ወይም ከሣር የተሠሩ ናቸውና እነሱንም አስመዝግቡ።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት እንግዳዬ ሆነው ሲመጡ ሁሉንም ዘርዝረው ጻፉ። ተቆጣጣሪዋ ከረጢቱን ፈትታ አሸተተች፣ ጠየቀች፣ የሽሮውን ዱቄት በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታ በመብራት አየችው። ሽሮው አለፈ፣ ቅቤው ቀረ። «ልጄ፣ ቅቤውን ስትጥለው እሷም ከፍቷት ነበር» አሉኝ። ሌላ ምንም አልደረሰባቸውም።

ለማንኛውም በርበሬና ሽሮ እዚህ ሞልቷል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጀበና ብታመጡ ወዳጃችሁ የበለጠ ይደሰታል።

ከኤርፖርት ወደ ከተማ በምን ልሂድ?

ታላማሪን ኤርፖርት ድረስ የሚሄድ ባቡር የለም። ስካይባስ የሚባለው አውቶቡስ መሀል ከተማ፣ ሳውዘርን ክሮስ ጣቢያ ያወርዳችኋል። ርካሹ መንገድ 901 ቁጥር አውቶቡስን ይዞ ብሮድሜዶውስ መውረድ፣ ከዚያ በባቡር መግባት ነው፤ ሻንጣ ለበዛበት ግን አይመከርም።

«ጓደኛዬ ይቀበለኛል» ካላችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሺፍቱን ጠይቁት። እዚህ ብዙው ወገናችን የሚሠራው በፈረቃ ነው፤ ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ፣ ጎሕ ሲቀድ መጋዘን። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ፣ ዓይኑ እየተከደነ መሪ የሚይዝ ሰው አለ። እምቢ አይላችሁም፣ ባህላችን አይፈቅድለትም። እናንተ ናችሁ የምታስቡለት።

ጓደኛዬ ሥራ ይውላል። ቀኑን ብቻዬን ምን ልሥራ?

ለእኔ የዚህ ገጽ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ቀኑን ለከተማዋ፣ ማታውን ለወዳጃችሁ ስጡ። ብቻውን መውጣት የቻለ እንግዳ ለሳምንታት ቢቆይ አይከብድም። ሰው ካላወጣው ከሶፋ የማይነሳ እንግዳ ግን አስተናጋጁን በአምስት ቀን ያደክመዋል፤ ያ ሰው ዓመት ሙሉ ያጠራቀማትን ፈቃድ አስጎብኚ ሆኖ ይጨርሳታል።

የምሥራቹ ደግሞ ሜልበርን ብቻውን ለሚሄድ ሰው የተመቸች መሆኗ ነው። መሀል ከተማው መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ስለሆነ መጥፋት ይከብዳል። በመሀል ከተማው ክልል ትራም በነፃ ነው።

ከፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ ጀምሩ። በ1910 ያለቀው ቢጫ ሕንፃ ነው፤ በሩ ላይ ሰዓቶች ተደርድረዋል። የከተማው ሰው «ሰዓቶቹ ሥር እንገናኝ» ነው የሚለው። ፊት ለፊቱ ፌዴሬሽን አደባባይ አለ። ጥግ ላይ ደግሞ ሆዚየር ሌን፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ቀጭን መንገድ።

ከዚያ በስዋንስተን ጎዳና ወደ ላይ ስትሄዱ የቪክቶሪያ ግዛት ቤተ መጻሕፍትን ታገኛላችሁ። የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ነፃ ነው። በ1913 የተከፈተውን ጉልላታማ የንባብ አዳራሽ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከላይኛው ፎቅ በረንዳ ቁልቁል ተመልከቱ፦ ጠረጴዛዎቹ ከመሀል ወደ ዳር እንደ ጸሐይ ጨረር ተዘርግተዋል፣ ብርሃን ከላይ ይወርዳል፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ድምፅ የለም። የታወቀው ሽፍታ የኔድ ኬሊ የብረት ጥሩርም እዚያው ቤት ውስጥ አለ።

በሴንት ኪልዳ ጎዳና በኩል ያለው ብሔራዊ የሥዕል ማዕከልም ቋሚ ስብስቡ በነፃ ይታያል፤ በሩ ላይ ውኃ በመስታወት ላይ ሲፈስ ልጆች እጃቸውን አስጠግተው አይለቁም። የእጽዋት መናፈሻውም ነፃ ነው። ኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ ከ1878 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሰኞና ረቡዕ ቀን ዝግ መሆኑን ልብ በሉ።

አንድ ቦታ ግን ከኢትዮጵያዊ ልለምን። ኤም ሲ ጂ የሚባለው ስታዲየም ሂዱ። 100,000 ሰው የሚይዘው ይህ ሜዳ የ1956ቱ ኦሊምፒክ የተካሄደበት ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈችው እዚህ ነው። ማሞ ወልዴ እዚህ 800 እና 1500 ሜትር ሮጠ፣ ሜዳሊያ ሳያገኝ ተመለሰ። ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ወርቅ አጠለቀ። ዛሬ መሮጫው የለም፣ ሜዳው ሁሉ ሣር ነው። ውድድር በሌለበት ቀን በአስጎብኚ መግባት ይቻላል። እኔ ሣሩ ጫፍ ላይ ስቆም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ዘመን፣ ከዚያ ርቀት ተነሥተው የመጡትን አሰብኩ።

ትራሙና ባቡሩ እንዴት ነው የሚከፈለው?

ማይኪ በሚባል ካርድ። ጣቢያ ላይ ካለው ማሽን ወይም ከሰቨን ኢለቨን ሱቅ ትገዛላችሁ፣ ገንዘብ ትሞሉበታላችሁ፣ ስትገቡ ማንበቢያው ላይ ታስነካላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ነው። በቀን የሚቆረጠው ገንዘብ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ስንት ጊዜ ብትሳፈሩ አይጨመርም። ቅዳሜና እሁድ ጣሪያው ይቀንሳል።

ብዙ ነዋሪ እንኳ የማይጠቀምበት ነገር ልንገራችሁ። ይኸው የቀን ጣሪያ ጂሎንግ፣ ባላራትና ቤንዲጎ ድረስ በባቡር ይሠራል። ባላራት የወርቅ ፍለጋ ዘመን ከተማ ናት። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል።

ነፃው የትራም ክልል ከመሀል ከተማ አይወጣም። ክልሉ ማለቁን ድምፅ ማጉያው ይናገራል፣ አድምጡ። ሳይከፍሉ ያለፉትን ተቆጣጣሪ ይቀጣል፤ «እንግዳ ነኝ» ማለት ብዙ አይረዳም።

የቀጠሮ ሰዓት ለምን ይዘበራረቃል?

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ሰው ያጣላል። አንዷን እንግዳዬን «በ4 ሰዓት ሰዓቶቹ ሥር» አልኳት። እኔ በፈረንጅ አቆጣጠር የከሰዓቱን 4 ማለቴ ነበር። እሷ ጠዋት 4 ሰዓት ደርሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሲም ካርድ አልገዛችም ነበር። ሁለት ሰዓት ጠብቃኝ፣ ከፍቷት ብቻዋን ተመለሰች። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ከዚያ ወዲህ «በፈረንጅ» ወይም «በሐበሻ» ሳልል ቀጠሮ አልሰጥም። ሲም ካርድም እዚያው ኤርፖርት ግዙ።

ወደ ሀገር ቤት ስትደውሉ ደግሞ በመደበኛው ወቅት 7 ሰዓት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ አካባቢ 8 ሰዓት ሜልበርን ትቀድማለች። በዚህ በ8 ሰዓቱ ወቅት፣ እዚህ በሐበሻ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ገና ቀትር ላይ ናት።

የሀገር ቤት ምግብ የት አገኛለሁ?

ፉትስክሬይ። ከፍሊንደርስ በዌሪቢ መስመር ባቡር ትንሽ ደቂቃ ነው። ከጣቢያው ወርዳችሁ ወደ ኒኮልሰን ጎዳና ስትጠጉ፣ ምልክት ሳታነቡ የሚቆላ ቡና ይሸታችኋል። ምግብ ቤቱ፣ የፀጉር ቤቱ፣ የቅመም ሱቁ ተጠጋግቶ ነው ያለው። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ አለ፣ ክትፎም አለ። እንጀራው እንደ ዱቄቱ ቅልቅል ከቤት ቤት ይለያያል፤ ወዳጃችሁ የሚወደውን ቤት ጠይቁት፣ ሁሉም ሰው የራሱ አለው።

ግን እንጀራ ብቻ በልታችሁ እንዳትመለሱ። ፉትስክሬይ የቬትናሞችም ሰፈር ነው። ፎ የሚሉት የሩዝ ኑድል ሾርባቸው በብርድ ቀን ነፍስ ይዘራል።

ቡናን በተመለከተ፣ የዚህ ከተማ ሰው ለቡና ያለው ክብር ከእኛ ጋር ያቀራርበዋል። ትንንሽ ካፌዎች ውስጥ ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ፣ ጉጂ የሚሉ ስሞች ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ታያላችሁ። ፍላት ዋይት ሞክሩ፤ ከማኪያቶ የበዛ፣ ከላቴ ያነሰ ወተት ነው። ጉርሻ ማለትም ቲፕ መስጠት ግዴታ አይደለም።

ባሕሩ ላይ መዋኘት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ይህን በጥሞና አንብቡ። ሴንት ኪልዳ፣ ብራይተን፣ ዊልያምስታውን ያሉት ዳርቻዎች በባሕር ሰላጤው ውስጥ ስለሆኑ ውኃቸው የተረጋጋ ነው። ብራይተን ላይ በቀለም ያሸበረቁት የእንጨት ጎጆዎች ለፎቶ ያምራሉ። ዊልያምስታውን ደግሞ ከምዕራቡ ሰፈር ለሚኖር ወዳጅ ቅርብ ናት፤ ከዳርቻዋ የከተማው ሕንፃዎች ውኃው ማዶ ተሰልፈው ይታያሉ።

ውቅያኖሱ ግን ሌላ ነው። ላዩ ጸጥ ብሎ ከሥር ወደ ውስጥ የሚጎትት ወራጅ አለ። ደጋ ያደግን ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፣ ጉልበት ያለን ይመስለናል። በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መካከል ብቻ ግቡ። ባንዲራ ከሌለ አትግቡ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 000 ነው።

የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ተቀቡ። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚሉትን አትስሙ፣ የዚህ ሀገር ፀሐይ ያቃጥላል።

ግሬት ኦሽን ሮድ በአንድ ቀን ይደረሳል?

ይደረሳል፣ ግን ይደክማል። መንገዱ ከቶርኪ እስከ አላንስፎርድ 243 ኪሎ ሜትር ነው። ከ1919 እስከ 1932 ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በዶማና በአካፋ የሠሩት ነው፤ ለሞቱት ጓዶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን። ስትነዱ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ባሕር።

ሁሉም የሚሮጠው ወደ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ነው። ከባሕር የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ናቸው። አሥራ ሁለት ሆነው ግን አያውቁም፤ አንዱ ደግሞ በፈረንጅ 2005 ሐምሌ ላይ ተንዶ ወደቀ። ማዕበሉ ዛሬም እየበላቸው ነው።

እኔ ግን ከእነሱ ይልቅ ጥቂት ደቂቃ አለፍ ብሎ ያለውን ሎክ አርድ ሸለቆ እወዳለሁ። በ1878 ሎክ አርድ የምትባል መርከብ እዚህ ተሰባበረች። ከ54 ሰው የተረፉት ሁለት ወጣቶች ብቻ ናቸው፣ ቶም ፒርስና ኢቫ ካርማይክል። ቶም ዳርቻ ከደረሰ በኋላ የኢቫን ጩኸት ሰምቶ ተመልሶ ወደ ውኃው ገባ፣ ጎትቶ አወጣት። በደረጃው ወርዳችሁ አሸዋው ላይ ስትቆሙ ግድግዳው በሁለት በኩል ይከባችኋል፣ ማዕበሉ በጠባቧ በር ይገባል። ልጅቷ የጮኸችበት ያ ውኃ ነው።

ጊዜ ካላችሁ አፖሎ ቤይ እደሩ። ካልሆነ በውስጥ መንገድ መጀመሪያ ወደ ዓምዶቹ ሂዱና በባሕሩ ዳር ተመለሱ፤ ከአስጎብኚ አውቶቡሶቹ ግርግር ትድናላችሁ። መኪና እዚህ በግራ ነው የሚነዳው። ከሀገር ቤት በገባችሁ ማግሥት መሪ አትያዙ፣ እንቅልፉም አልወጣላችሁም።

ካንጋሮ ከተማ ውስጥ አለ?

መሀል ከተማ የለም። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ውድላንድስ ፓርክ ግን አመሻሽ ላይ በመንጋ ይግጣሉ። ኮአላ ለማየት ሂልስቪል ያለው የእንስሳት ማቆያ ይሻላል። ትንንሾቹን ፔንግዊኖች ማየት የፈለገ ፊሊፕ ደሴት ይሂድ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከባሕር ወጥተው በሰልፍ ወደ ጎጆአቸው ይሄዳሉ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ብርሃን ዓይናቸውን ይጎዳል።

ስመለስ ምን ልግዛ?

ቲም ታም ብስኩት ልጆች ይወዱታል። ከአንድ ሱቅ በ300 ዶላርና ከዚያ በላይ የገዛችሁት ዕቃ ካለ፣ በ60 ቀን ውስጥ ከወጣችሁ ታክሱን ኤርፖርት ላይ ይመልሱላችኋል። ደረሰኙን ያዙ፣ ዕቃውንም በእጃችሁ አሳዩ።

ሻንጣውን ግን እስከ አፉ አትሙሉት። ሦስት ኪሎ ያህል ቦታ ተዉ። ወዳጃችሁ ሳይጠይቃችሁ፣ በመጨረሻው ሌሊት ከመኝታ ቤቱ አንድ ጥቅል ይዞ ይመጣል፦ ለእናቱ ሹራብ፣ ለአባቱ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእህቱ ልጅ ጫማ። «ካልከበደህ…» ይላል። ቦታውን ከመጀመሪያው ቀን ያዙለት።